ጣፋጩ የጅቡቲ ዱቄት

አባቴ አብዱልቃዲር አሰበ ተፈሪ ከተማ ውስጥ ኮፊያ በእጁ እየሰፋ አሳደገን። ቀጭን መርፌና ጣቶቹ ይበቁት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ግን ሪህ ከእግሩ አውራ ጣት ተነሥቶ የእጁን አንጓዎች ያዘ። እህቴ ሙስሊማ ከዒድ በኋላ ልትዳር ነበር፤ የሙሽራውን ኮፊያ እኔው እሰፋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ አምባው ደሙን ሐረር ልከው አስመረመሩለት። ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲድ በዝቷል ተባለ። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሰጡት፤ ሥጋ ይቀንሱ፣ ውሃ ያብዙ አሉት።

በመጋቢት አክስቴ ረዲያ ከጅቡቲ አንድ ጠርሙስ እንክብል ላከች። አሚኖ አሲድ የሚሉት ነው፣ ዩሪክ አሲዱን በሽንት ያስወጣል ብላ ጻፈች። «መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው፤ አይጎዳህም።»

አባቴ የእንክብሉ ሽፋን ከምን እንስሳ እንደተሠራ ስላላወቀ፣ ሐራም እንዳይሆን እየከፈተ ዱቄቱን ብቻ ሆጃ በምንለው በወተት የፈላ የቡና ገለባ ውስጥ ይጨምር ነበር። ይጣፍጣል። ከጅቡቲ የመጣ ነገር ለብቻ አይቀመስምና ጉልበቱን ያመመው ጎረቤት ሁሉ ስኒውን ይዞ መጣ።

«አብዶ፣ ያንተ ጣት እስኪድን የኛ ጥርስ ይረግፋል!» አለው ጎረቤታችን በድሪ፣ ስኒውን እየዘረጋ።

«የቀበሌ ስኳር ሲጠብቅ የከረመ አፍ ደግሞ ያማርራል?» አለው አባቴ።

አቶ አምባው ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። «ዱቄቱ ይርዳ አይርዳ እኔ አላውቅም። ክኒኑን ግን እንዳያቋርጡ።»

«እሺ ዶክተር።»

አባቴ ግን አቋርጦ ነበር። ክኒኑ ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ዱቄቱ አያቃጥልም። ሕመሙ ለሁለት ሳምንት ጋብ ሲልለት ደግሞ ጭራሽ አመነ።

ረመዳን በግንቦት ሙቀት ገባ። ቀኑን ያለ ውሃ ይውላል፣ ሲያፈጥር ዱቄቱን ይጠጣል። ጾሙ ሳይጋመስ ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። በመጨረሻው ሳምንት ጣቶቹ አበጡ፤ የአመልካች ጣቱ አንጓ ፈንድቶ እንደ ኖራ የነጣ ነገር ወጣው። አቶ አምባው እጁን ይዘው ቁስሉን አጠቡለት።

«ክኒኑም ከጤና ጣቢያው አልቋል» አሉ። «እስኪመጣ እንጠብቅ።»

አልመጣም። ሙሽራው ከገበያ የተገዛ ኮፊያ አድርጎ አገባ።

ከሠርጉ ማግስት አባቴ ለሙሽራው ጀምሮት በግማሽ የቀረውን ኮፊያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠራኝ።

«ክሩን መርፌው ውስጥ አስገቢልኝ።»

አስገባሁለት። መርፌው ከጣቶቹ መሃል ወደቀ። አነሣሁለት። ደግሞ ወደቀ። እንደገና ላነሣ ስጎነበስ፣

«ተይው ልጄ፣ ብርሃኑ አንሶኝ ነው» አለኝ።

ረፋድ ነበር። ፀሐይ ምንጣፉን ሞልታው ነበር።