በዚያው እንዳትቀርብኝ

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ «ትንሽ ጨምሪላት እንጂ፣ ልጅቷ እኮ አልተኛችም!» ሲለኝ «አልጨምርም» አልኩት።

ሚዛን አማን የምሠራ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ልጅቷ ከማንጎ ዛፍ ወድቃ፣ ክንዷ ተሰብሮ ከሸኮ የመጣች ናት። መድኃኒቱን በኪሎዋ ልክ ሰጥቻታለሁ። ግን ዓይኗ ክድን ይልና መልሶ ይገለጣል።

ችግሩ መጠኑ አልነበረም። አባቷ ራስጌዋ ቆመው «ብርቄ! ብርቄ!» እያሉ ይጣራሉ።

«አባቴ፣ ለምን ይቀሰቅሷታል?»

«በዚያው እንዳትቀርብኝ ነዋ!»

ሕፃን ላይ ያለልክ የሚጨመር ማደንዘዣ እንቅልፉን ብቻ አያከብደውም፤ ትንፋሽም ያደክማል። አባቷ ለሚቀሰቅሷት ልጅ መድኃኒት ልጨምር? በጭራሽ!

«ትንፋሿን እኔ እጠብቃለሁ። ስንጨርስ የሚጠሯት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልጅቷም ጭልጥ አለች። ክንዷ ተቃንቶ ታሰረ።

(ዶክተሩ እስካሁን አኩርፎኛል። ኩርፊያም እንደ ማደንዘዣ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይለቃል።)

«በሉ አሁን ይጥሯት» አልኳቸው።

«ብርቄ?» አሉ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው።

ደግመው ጠሯት።

«አቤት፣ አባ።»

ልጃችሁ ከማደንዘዣ ሲነቃ አጠገቡ የነበራችሁ፣ መጀመሪያ የሰማችኋትን ቃል እስቲ ጻፉልኝ።