ጥለቱ ወደ ላይ

በሽሮ ሜዳ ሳልፍ ከአንዱ ሸማኔ ቤት የሽመና ዕቃ ቋ ቋ ሲል ከሰማሁ እስከ ዛሬ እግሬ ይቆማል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ሬዲዮ መጠገኑን፣ ሒሳቡን፣ ጣሊያንኛውን ሳይቀር ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንደ እኔ ያለ በጉለሌ ፈልጋችሁ አታገኙም። ያ ድምፅ ግን መልሶ ልጅ ያደርገኛል።

አባቴ ክረምቱን ሙሉ እያሳለ ይሸምን ነበር። መስከረም ሲጠባ ከሽመናው ጉድጓድ መውጣት አቃተው፣ በጥቅምት አልጋ ላይ ዋለ። እናቴ ትኩስ ነገር ይዛ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር፣ እኔም በሩን ተደግፌ ሳሉን አዳምጥ ነበር፤ ሌላ የምናደርገው አልነበረንም።

ትምህርት ቤታችን የእንጦጦን ቤተ መንግሥት ሊያሳየን የተነሣ ቀን አልሄድም ብዬ ነበር። አባቴ ግን መጨረሻ የሠራትን ኩታ አልብሶኝ፣ «ሂድ፤ ንጉሥ የኖረበትን አይተህ ትነግረኛለህ» አለኝ።

እኔም መንገድ ላይ ያን ቀይና ቢጫ ጥለት ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ኩታዋን ገልብጬ፣ ጥለቱን አንገቴ ላይ አድርጌ ዳገቱን ወጣሁ። ጥለት ወደ ላይ የሚለበሰው ለሐዘን መሆኑን ገና አላውቅም ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሽማግሌ ዘበኛ በሩ ላይ አስቁመውኝ ቀስ ብለው፣ «ማነው ልጄ?» ሲሉኝ፣ ማን ሠራው ያሉኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ፣ «አባቴ ነው» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እግዜር ያጽናህ» አሉኝ።

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ፤ መምህራችን ነገሩን አስረድቶኝ ጥለቱን ወደ ታች መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ በኖራ የነጣውን ግድግዳ፣ የእንጨቱን ሰገነት፣ ጠባቡን ደረጃ ለአባቴ የምነግረው እንዳይጠፋብኝ በልቤ እየያዝኩ ዞርኩ። ስንወርድ «የንጉሡ አልቃሽ» እያሉ ሲተርቡኝ፣ ይህንንም ስነግረው ይስቃል ብዬ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤታችን እትዬ ጌጤ ከመሀል ወጥታ ፊቴ ተንበረከከችና ጥለቱን መልሳ ወደ ላይ አዞረችው።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ በመኪና እንጦጦ ደርሰው ሲመለሱ ያዩትን በስልካቸው ያሳዩኛል፣ እኔም ያልገባቸውን አስረዳቸዋለሁ፤ የማላውቀው ነገር የለም። የዚያን ቀኑን ወሬ ግን ለማን እንደምነግረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።