ደቡብ የጎደለው ማስረጃ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እስቴ ወረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ የገበሬውን የመሬት ማስረጃ እየተየብኩ አትማለሁ። ማስረጃው አንድ ገጽ ነው። ግርጌው ላይ የመሬቱ አዋሳኞች ይዘረዘራሉ፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ እገሌ። አዲሱ ፕሪንተር ከመጣ ወዲህ ግን የመጨረሻዋ መስመር እየተቆረጠች ቀረች። ጉድ እኮ ነው፣ የእስቴ ገበሬ ሁሉ ደቡብ የለውም!

ነገሩ ቀላል ነበር። የምንጨምርለት ወረቀት ኤ ፎር ነው፤ ፕሪንተሩ የተስተካከለው ግን ከዚያ አጠር ለሚለው፣ ሌተር ለሚባለው ወረቀት ነው። ልኩን መቀየር ብቻ ነው። ይህንኑ ለኃላፊያችን ነገርኩት። የገጠመው ባለሙያ ነው፣ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ባለሙያው ተመልሶ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው አለኝ። እስከዚያው ደቡብን በእስክሪብቶ ሙሉ ተባልን። እኛም እሺ ብለን ሞላን፤ ኧረ ይሄ ነገር ነውር ነው የሚል አንድ ሰው ጠፋ።

ከዚያ አንዲት ባልቴት መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘው የደረሱ ሴት ናቸው። በደቡብ በኩል ያለው ጎረቤታቸው ድንበር እየገፋ የገብስ ማሳቸውን ሊጨርሰው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ከሰውት ማስረጃ ያምጡ ተብለዋል። አትሜ፣ ደቡብን በእጄ ጽፌ ሰጠኋቸው።

ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። በታተመ ማስረጃ ላይ በእጅ የተጨመረ አይያዝም፣ ያውም ክርክር የተነሣበት ድንበር ተብለው ተመለሱ። ኃላፊያችን መላ አገኘ፤ በእስክሪብቶ በተጻፈችው መስመር ላይ ሌላ ማኅተም አስደረገባት። ባልቴቷም በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ሄዱ፤ ያም አልሆነ። ዳኛው የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጧቸው። በዚያ ቀን የተሟላ ማስረጃ ካላቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል፣ ማሳውም ለጎረቤታቸው ይቀራል።

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ጠዋት፣ እግራቸው አብጦ በራችን ላይ ቆሙ። ኃላፊያችን ለባለሙያው ደብዳቤ ጽፈናል፣ ትንሽ ይታገሡ ማለት ሲጀምር አላስጨረስኩትም።

"እስከ መቼ ነው የሚታገሡት? መሬታቸው እስኪያልቅ?"

መልሱን አልጠበቅኩም። ኮምፒውተሩ ላይ የፕሪንተሩን ማስተካከያ ከፍቼ ሌተር የሚለውን በኤ ፎር ቀየርኩት። ውሃ ለመጠጣት የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልፈጀም። ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ደቡብ ከነጎረቤትየው ስም ከታች ታትሟል። ኃላፊው ፈርሞ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ምርቃት ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ባልቴቷ ወረቀቱን ተቀብለው ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ይችን ታህል ነበረች?"

አዎ አልኳቸው።

"ያን ጊዜስ ታውቂያት ኖሯል?"

አውቃት ነበር። በኃላፊው እንዳላሳብብ፣ በእስክሪብቶ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው እያነከሱ ወጡ።