የዘነበች ድፍን መስታወት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቅናት እየገፋ የተፎካካሪዬ ሱቅ ውስጥ አስገባኝ...

እስራኤል ውስጥ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባል ሰፈር የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ዘነበች የምትባል ሴት ያንኑ ትሸጣለች። ጨርቁን የምንረከበው እንኳ ከአንድ ሰው ነው። የእኔ መስታወት ወለል አድርጎ ያሳያል፤ እኔው ነኝ የምወለውለው። እሷ ግን በቅርቡ የሱቋን መስታወት ከላይ እስከ ታች በነጭ ላስቲክ አስለበጠችው።

«ይኼ ምን የሚሉት ነው?» አልኳት ልጄን።

«አቱም ነው፣ አባ» አለችኝ ከስልኳ ቀና ሳትል። ወዲያ ማዶውን የማያሳይ ነገር ሁሉ በዕብራይስጥ አቱም ነው። ነገር ቶሎ የማይገባውንም ሰው እንደዚያው ይሉታል።

ሳቅሁ። ዕቃውን ደብቆ የሚሸጥ ነጋዴ የት አለ?

ሳቄ ግን አልቆየም። ሴቶቹ በደጄ ያልፋሉ፣ «ሻሎም፣ እንዴት ዋልክ» ይሉኛል፣ ከዚያ ወደ እሷ ይሻገራሉ። ሲገቡ አያለሁ። ከረጢት ይዘው ሲወጡም አያለሁ። መካከል ላይ ያለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ... ዋጋ ሰብራ ይሆን? አዲስ ጥልፍ አስመጥታ ይሆን?

ትናንት አልቻልኩም። «ሜትር ልዋስ» ብዬ በሯን ከፈትኩ።

«በሩን ዝጋው!» የሚል ጩኸት ተቀበለኝ።

እናቴ ናት! ሻሿን አውልቃ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ቆማለች፤ ዘነበች ወገቧን ትለካታለች። ሁለት ሴቶች አጠገቧ ተቀምጠው ያስቋታል።

«እምዬ... የልጅሽ ሱቅ እያለ?»

«አንተ ዘንድ ማን ይለካል? ደጅህን በሽማግሌ ሞልተህ! እጄን ሳነሳ አባ ፈረደ በመስታወቱ አሻግረው ያዩኛል። ዓይን ለዓይን ከተጋጨን ደግሞ ወጥቼ እጅ ልነሳ ነው። እሳቸውን ስጨርስ አጠገባቸው ያሉት ይቀጥላሉ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አግዳሚውን ደጄ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ያለበት ሱቅ ሰው ይስባል ብዬ። ሽማግሌዎቹም መስታወቴን ተደግፈው ይውላሉ።

ዘነበች ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ሜትር ነው ያልከው ወንድሜ? አንገትህ ላይ ያለው ተበላሸ?» አለችኝ።

ወጣሁ። ያበሸቀኝ ዋጋም ጥልፍም አለመሆኑ ነው። ዋጋ ቢሆን እሰብር ነበር፤ ጥልፍ ቢሆን አስመጣ ነበር። እናቴ ግን እኔ ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ሽማግሌዎቹን «ተነሱ» ለማለት ደግሞ ማን ይደፍራል? ላስቲኩን እኔም ልለጥፍ ብል፣ «ምን ልትደብቀን ነው?» ብለው ይቀየሙኛል።

ስሻገር አባ ፈረደ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁኝ። ለካ እሳቸውም እንደኔ ሲንገበገቡ ከርመዋል።

«ገባህ አይደል ልጄ? ምን አለ እዚያ ውስጥ? ማን ማን አለ?»

ዞሬ የዘነበችን በር አየሁት። እናቴ ገና አልወጣችም።

«እኔ እንጃ አባባ፣ ምንም አይታይም» አልኳቸው።

ለተፎካካሪዬ በነፃ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው... አሁንም ያንገበግበኛል።