የግማሽ ሜትር ትከሻ

ጋሽ ሜትርን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆናል። እሳቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኔ ደንበኛቸው ነኝ። የወገቤን ስፋት ያውቃሉ፤ አንዱ እግሬ ከሌላው ትንሽ እንደሚያጥር ያውቃሉ፤ መወፈሬን እንኳ ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ስለ እሳቸው የማውቀው እዚህ የምጽፈውን ብቻ ነው። ከዚያም ገሚሱን የነገረኝ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እሱ ደግሞ ወሬ ላይ ቅመም መጨመር ይወዳል። ስለዚህ የተሳሳትኩት ነገር ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሱቃቸው ጠባብ ናት። በሩ አጠገብ የስፌት መኪናው አለ፤ ከኋላው የካውያው ጠረጴዛ፤ ግድግዳው ላይ ሰዎች አሰፍተው የረሷቸው ኮቶች ተሰቅለዋል። መለኪያ ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ጠባይ አላቸው፦ የሰው ፊት አያዩም። ሰላም ሲሏቸውም ዓይናቸው ትከሻ ላይ ነው። አንዱን መምህር መንገድ ላይ ከኋላው አይተው "መምህር፣ ኮትዎ ደርሷል!" ብለው ይጣራሉ፤ በማግስቱ ያንኑ ሰው ፊት ለፊት አግኝተውት ዝም ብለው ያልፉታል።

በዚህ ስቀልድባቸው፣ "ፊትማ ምን ይታመናል?" አሉኝ። "ሰው ይከሳል፣ ጢም ያሳድጋል፣ ያኮርፋል። ትከሻ ግን ያው ትከሻ ነው።"

አንድ ልጅ አላቸው። ሰፈሩ "ግማሽ ሜትር" ይለዋል፤ በቁመት አባቱን ካለፈ በኋላም ስሙ አልለቀቀውም። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ይላል። ጋሽ ሜትር ከልጅነቱ ጀምሮ በሚሰፉለት ኮት ሁሉ በግራ በኩል ከገበሩ ሥር ስፖንጅ ይደርቡበታል። ሲለብሰው ቀጥ ይላል፤ ማንም አያውቅበትም። ኮት ሳይለብስ ግን አባቱ ከሩቅ የሚለዩት በዚያች ዝቅ ባለች ትከሻው ነበር።

ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ስላጣ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ይተክላል፣ ካውያ ይገፋል። ሥራውን እንደማይወደው አባቱ ያውቃሉ፤ ግን አንስተውት አያውቁም። አንድ ጠዋት ካውያውን አቆመና፣

"አባዬ፣ ተመዝግቤያለሁ" አለ።

"ምን ላይ?"

"ውትድርና። ሰኞ ሥልጠና እገባለሁ።"

ፀጉር አስተካካዩ ክር ሊለምን መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ ሜትር እግራቸውን ከፔዳሉ አላነሱም አለኝ። "እሺ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "እሺ" አሉ። መኪናው ግን መሮጡን አላቆመም።

ያን ሰዓት መኪናው ላይ የነበረው የእኔ ሱሪ ነው። ማሳጠር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ቤት ወስጄ እግሬን ባስገባ መውጫ አጣሁ፤ ታችኛውን ጫፍ እንደ ትራስ ልብስ ከዳር እስከ ዳር ዘግተውታል። በማግስቱ እየሳቅኩ ይዤላቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ በዚህ ሱሪ የጆንያ ሩጫ ልወዳደር ነው?"

አልሳቁም። ተቀብለውኝ አቀርቅረው ክሩን መፍታት ጀመሩ። ፀጉር አስተካካዩ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ ጎተተኝ። "አፍህን ዝጋ እባክህ፣ ልጁ ሊሄድባቸው ነው" አለኝ።

ሰኞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው በልጁ ቦታ ካውያው ጠረጴዛ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። ቁልፍ ይተክላሉ፤ ልጁ የተከላቸውን እየፈቱ እንደገና ሲተክሉም አይቻቸዋለሁ። ባልና ሚስቱ ስለ ልጁ አያወሩም። ደንበኛ ገብቶ "ግማሽ ሜትርስ?" ሲል ሁለቱም እኩል ይመልሳሉ፤ ጋሽ ሜትር "ዘመድ ጋ ሄዷል"፣ ባለቤታቸው "ሥልጠና ገብቷል"። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ያቀረቅራሉ። ጠያቂው ኮቱን ጥሎ ይወጣል። ሬዲዮኑንም ጋሽ ሜትር ጨርቅ ጠቅልለው ከመደርደሪያው ሥር ከተቱት። ዜና ሲጀመር መቀሱ ከመስመር ይወጣባቸው ነበር አሉ።

ተስፋ የሰጣቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። አንድ ቀን ምላጩን እንደያዘ ብቅ ብሎ፣

"ጋሼ፣ የሞተ ሰው ያለ አስመሰሉት እኮ! መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ ሐሳቡን የቀየረ መመለስ ይችላል። የእህቴ ልጅ በወላጆች መጠየቂያ ቀን ከእናቱ ጋር ነው ወደ ቤት የመጣው።"

"ከመሐላው በኋላስ?"

"ከመሐላው በኋላማ አለቀ። የእነሱ ልጅ ነው።"

መጠየቂያው ቀን ደግሞ የሚውለው በመሐላው ዋዜማ ነበር። ጋሽ ሜትር የሰውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አድርገው ለልጃቸው ኮት ቆረጡ። ሲመጣ የሚለብሰው ነው። ጨርቁ ግራጫ፣ ገበሩ ጥቁር፤ ስፖንጁም እንደ ወትሮው በግራ። እንደዚያ አሳምረው የሰፉት ልብስ አላየሁም፤ እኔ ግን ስለ ስፌት ምን አውቃለሁ።

ባለቤታቸው አብረው አልሄዱም። "እኔ ከሄድኩ አልቅሼ ጓደኞቹ ፊት አዋርደዋለሁ። አንተ ሂድ" አሉ። ኮቱን አጣጥፈው፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ጨምረው ቦርሳውን አስያዟቸው። "ሂድና ይዘኸው ና። ዝም ብለህ እንዳትመለስ፤ አንተን አውቅሃለሁ።"

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ሜትር ናቸው፤ የጃኬት ዚፕ ላስቀይር ሄጄ ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ያገኘኋቸው ቀን። ለምን ለእኔ እንደነገሩኝ አላውቅም። ምናልባት ሌላ ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

የማሠልጠኛው ሜዳ አቧራ ነበር። ወላጆቹን ከአንድ የሽቦ አጥር ጀርባ አቆሟቸው። ሠልጣኞቹ ተሰልፈው ወጡ፤ ራሳቸው ተላጭቷል፣ ልብሳቸው አንድ ዓይነት ነው።

"አንድም የተለካ ልብስ የለም" አሉኝ። "ቀጭኑም ወፍራሙም እዚያው ውስጥ። እጅጌው ጣታቸውን ውጦታል። ማን ይለያል?"

እሳቸው ግን እለያለሁ ብለዋል። ፊቶቹን ትተው ትከሻ ለትከሻ ተመለከቱ። ሁሉም ቀጥ፣ ቀጥ። ከኋላው ረድፍ አንዱ ብቻ ግራው ዝቅ ብሏል። በሩ ተከፍቶ ሰልፉ ሲበተን ሰው እየገፉ ሮጡ። አንድ ልጅ መንገዳቸው ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ "ይቅርታ ወንድሜ" ብለው በክርናቸው ገፍተውት አለፉ። ደርሰው ያንን ትከሻ ከኋላ አቀፉት።

"ልጄ!"

ልጁ ዞረ። አያውቁትም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የሚጠይቀው ሰው የመጣለት አይመስልም፤ ከእቅፋቸው ለመውጣትም አልቸኮለም።

"አባቴ፣ እኔ አይደለሁም" አላቸው ቀስ ብሎ።

ከኋላቸው ሳቅ ተነሣ። "አንተ ረጅሙ፣ አባትህ በሌላ ቀየሩህ እኮ!" የሚል ድምፅ ሰሙ። ዞሩ። ቅድም እጁን ዘርግቶ የነበረው፣ በክርናቸው የገፉት፣ እሱ ነበር ልጃቸው። እጆቹን አውርዷል።

አንድ የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳው በመካከላቸው ነበር።

"አላወቅከኝም" አለ ልጁ።

"ትከሻህ..."

"አስተካክለውታል።"

"ማን?"

"አሥር አለቃው። ሰልፍ ያበላሻል አለ።"

"በምን አስተካከለው?"

"ተወው አባዬ።"

እንቁላሉን ላጡለት። ሳያኝክ ዋጠው። ስለ እናቱ ጠየቀ፤ ደህና ናት አሉት። ሱቁስ? ደህና ነው። ከዚያ ሌላ የሚሉት ሲያጡ ኮቱን አወጡና "እስቲ ልበሰው" አሉት። ልጁ ግራ ቀኙን አይቶ የላይኛውን ልብስ አወለቀ።

እዚህ ላይ ጋሽ ሜትር ወሬውን አቋረጡ። ምን እንዳዩ አልነገሩኝም። የጃኬቴን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች እየሳቡ ቆዩ፤ ዚፑ ደግሞ የተበላሸው መሐል ላይ ስለሆነ እዚያው እየተያዘ ይቀራል።

ኮቱ አልሆነውም። ግራው እንደ ጉብታ ተነሣ፤ በጤነኛ ትከሻ ላይ ስፖንጅ ሲደረብ የሚሆነው ይኸው ነው። ልጁ ጉብታውን አይቶ ለመሳቅ ሞከረ። እሳቸው ግን ኮቱን አስወልቀው ገበሩን ገለበጡ። መቀስ በር ላይ ስለተወሰደባቸው ስፌቱን በጥርሳቸው በጣጥሰው ስፖንጁን ጎትተው አወጡና መልሰው አለበሱት። ልክ ሆነ። ሜዳው ላይ እንደዚያ ልክ የሆነ ልብስ የለበሰ ሌላ ሰው አልነበረም።

ፊሽካ ተነፋ። ወላጆች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ልጁ ኮቱን አወለቀ፣ አጣጥፎ እቅፋቸው ላይ አኖረው፣ ሄደ።

በማግስቱ መሐላው ተፈጸመ። አሁን የት እንዳለ አያውቁም። አንድ ጊዜ ስልክ ደውሎ "ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ" ብሎ መስመሩ ተቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ኮቱ ከተረሱት ኮቶች ጋር ተሰቅሏል። አንድ ደንበኛ ወዶት ልግዛ ቢል ፀጉር አስተካካዩ ዘልሎ ገብቶ ነው ያስጣለው።

ባለቤታቸው ሱቅ መምጣት ትተዋል። ባላቸው ከመጠየቂያው የተመለሱ ዕለት በራፍ ላይ ቆመው ሲጠብቁ እሳቸውን ሳይሆን ከኋላቸው ያለውን መንገድ አዩ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ለባላቸው "ቁርስ ቀርቧል"፣ "ውሃ ሄዷል" ከማለት አልፈው አያውቁም። ፀጉር አስተካካዩ "ልጁ እምቢ ብሏቸው ነው" ይላል። ባለቤታቸው ግን "አፉን ከፍቶ አልጠየቀውም፤ ልብስ ሲያስተካክል ጊዜው አለቀበት" ብለዋል ይባላል።

እኔም ሰው መጠየቅ አልወድም፤ ሰላምታ እንኳ ያስቸግረኛል። ግን አንዴ እዚህ ድረስ ከነገሩኝ በኋላ ሳልጠይቅ መውጣት አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ 'ና፣ ወደ ቤት እንሂድ' ብለውት ነበር?"

ዚፑን ለቀቁት።

"እሱን አልመልስልህም፣ ወንድሜ" አሉኝ።