ሳንቲሞቹ የተጠቀለሉበት ወረቀት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፣ የተዘረፈ ነገር የለም፣ ፖሊስም አልመጣበትም። ጉዳዩ አርባ አንድ የጥንት ሳንቲሞችና እነሱ ተጠቅልለውበት የነበረው የደብተር ወረቀት ነው። ለጓደኞቼ አንድ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሞክሬ «እና ሳንቲሞቹ አሉ አይደል?» ብለው ወሬውን ቶሎ ዘግተውብኛል። አዎ፣ አሉ። ችግሬም እሱ ነው፤ ሳንቲሞቹ እያሉ ምን እንደጠፋ ለሰው ማስረዳት አልቻልኩም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልሞክር።

አባቴ መምህር ነበር። አዲስ አበባ ከመምጣቱ በፊት፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ አክሱም አካባቢ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት አስተምሯል። በዚያ አገር ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ወይም ማሳ ከታረሰ በኋላ ከአፈሩ ውስጥ ሳንቲም ብቅ ይላል። የጥንት ነገሥታት ያሠሩት ነው፤ በአንድ በኩል የንጉሥ ራስ፣ ግራና ቀኙን የስንዴ ዛላ፣ በሌላው በኩል መስቀል። አብዛኛው መዳብ ሲሆን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ልጆቹ እየለቀሙ ለመንገደኛ ይሰጡት ነበር። አባቴ ይህ ስላላስደሰተው «ሳንቲም ላመጣልኝ ልጅ እርሳስና ደብተር እሰጣለሁ» አለ። አንድ ግዴታ ግን ነበረበት። ልጁ ከደብተሩ ግማሽ ገጽ ቀዶ ስሙን፣ ሳንቲሙ የተገኘበትን ማሳ ስም፣ የማሳውን ባለቤትና ቀኑን በራሱ እጅ ይጽፋል። አባቴ ያንን ወረቀት ሳንቲሙ ላይ ይጠቀልለዋል። ለእሱ የጽሕፈት ትምህርትም ነበር።

ከዚያ የመጣውን ዘመን ሁሉም ያውቀዋል። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ በረሃ ወጡ፤ ከወጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ካዛንቺስ ባለው የቀበሌ ቤታችን፣ በአባቴ የልብስ ሳጥን ውስጥ፣ አሮጌ ሳንቲም ያለበት የብስኩት ቆርቆሮ መኖሩን ብቻ ነበር። አባቴ ስለዚያ ትምህርት ቤት አያወራም። ብጠይቀው «ሩቅ ነው» ብሎ ሬዲዮኑን ይከፍታል።

ሬዲዮኑ ነው ነገሩን ያመጣው። እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ የሚያሳስብ ፕሮግራም ሰማ። በማግስቱ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄዶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቁት» አለኝ። «ከየት እንደተገኘና ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ። ይህን ያጣ ሰው ነው የሚቸገረው፤ እኔ ምን ቸገረኝ!»

ባለሙያ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን መጥታ ልታይ ተቀጠረ። አባቴ ዓርብ ማታ «ቤቱን አሰናድተሽ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አውጪልኝ» አለኝና ቅዳሜ በማለዳ ኡራኤል ኪዳን ሊያደርስ ሄደ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ጎረቤት «ጎሽ፣ እንደ እናቷ!» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ወለሉን ወለወልኩ፣ የጠረጴዛ ልብስ ቀየርኩ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ውስጡ የአይጥ ሽታ አለው። በቢጫ ወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንዱን ስፈታው አረንጓዴ የዛገ፣ አፈር የተጋገረበት ነገር ወጣ። ይህን ለመንግሥት ሰው ማሳየት አሳፈረኝ። እናቴ የብር መስቀሏን ለጥምቀት በሎሚና በአመድ ስታሽ አይቼ ስለነበር እንዲሁ ላደርግ አሰብኩ። ሁሉንም ፈትቼ ሳንቲሞቹን ሳህን ላይ አደረግኩ፤ ወረቀቶቹን አስተካክዬ ደረደርኳቸው። ከመካከላቸው አንዱን አይቼዋለሁ። በእርሳስ የተጻፈ፣ የደበዘዘ የልጅ ጽሕፈት ነበር። አባቴ ድሮ ያረመው የቤት ሥራ ተቀዶ መጠቅለያ የሆነ መሰለኝ።

ሎሚ ልገዛ ስወጣ ወረቀቶቹን ይዤ ወጣሁ። ታክሲ ማቆሚያው ጥግ ላይ ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ፤ የጨረስኩትን ደብተር ሁልጊዜ የምሰጠው ለእሳቸው ነው። ግማሽ ገጽ ለአንድ ጥቅል ቆሎ ልክ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ቀድሞውኑ ተቀደዋል።

«የኔ ማር፣ ዛሬስ ቆርጠሽ ነው ያመጣሽልኝ!» አሉና አንድ እፍኝ ቆሎ መረቁልኝ። እየቆረጠምኩ ሎሚዬን ይዤ ተመለስኩ።

ሳንቲሞቹ ሲታጠቡ አዲስ መሰሉ። የንጉሡ ዐይን ሳይቀር ታየ። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ በስምንት በስምንት ደርድሬ፣ የተረፈችውን አንድ ትልቅ መሐል ላይ አስቀምጬ አባቴን ጠበቅኩት።

አባቴና ባለሙያዋ የደረሱት አንድ ላይ ነው፤ በር ላይ ተገናኝተው። እሷ ገና ወጣት ናት፣ ስስ ጓንትና የእጅ መነጽር ይዛለች። አባቴ ጨርቁን አይቶ ቆመ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አንዱን አነሣች።

«ማነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ምስጋና ነበር የጠበቅኩት።

«በምን?»

«በሎሚና በአመድ።»

ዐይኗን ጨፍና ገለጠች። «እንዲህ አይደረግም፣ እህቴ። አፈሩ ራሱ ምስክር ነው። ይሁን፣ ሆኗል።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አባባ፣ ከየት እንደተገኙ የሚያሳይ የጽሑፍ ነገር አለኝ ብለውን ነበር።»

«አለ እንጂ! ለእያንዳንዱ አለው» አለ አባቴ። «ጓለይ፣ ወረቀቶቹን አምጪያቸው።»

ልጄ ማለቱ ነው በትግርኛ፤ ደስ ሲለው ነው እንዲህ የሚጠራኝ።

ለማን እንደሰጠሁ ስነግረው አልተቆጣኝም። ኮፍያውን እንኳ ሳያደርግ ወጣ። ተከተልኩት። ቆሎ ሻጯ ስንደርስ ከሥራቸው ቀና አሉ።

«ውይ በሞትኩት! ቅዳሜ አይደል፣ ገበያው ደርቶልኝ እኮ... ይኸው፣ የቀረችኝ ይህች ናት።»

ከቁናው ሥር ዘጠኝ ወረቀት ነበር። ሌላው ሄዷል። አባቴ ወደ ታክሲ ሰልፉ ገብቶ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። አንዱ ረዳት «ቡልጋሪያ፣ ጎተራ! ቡልጋሪያ፣ ጎተራ!» ማለቱን አቁሞ ተመለከተው።

«ፋዘር፣ ምን ጠፋብዎት? ሎተሪ ነው እንዴ?»

«ወረቀት ነው። የቆሎ ወረቀት።»

«የቆሎ?» ሰልፉ ሳቀ። «በቃ ፋዘር፣ ከነቆሎው እኔ ልጋብዝዎት!»

«ልጅ የጻፈበት ነው» አለ አባቴ፣ ለማንም ሳይሆን።

አንዲት ሴትዮ ቆሎዋን መዳፏ ላይ ገልብጣ ወረቀቱን ሰጠችው። ረዳቱም መሳቁን ትቶ ከታክሲው ወንበር ሥር ሁለት አወጣ፤ አንዱ ተረግጦ ተቦጭቋል። እኔ ከቱቦው አፍ ሁለት የረጠቡ አነሣሁ። እስከ እኩለ ቀን ፈልገን በድምሩ አሥራ አራት አገኘን። የቀሩት ሃያ ሰባቱ ታክሲ ተሳፍረው ሄደዋል።

ስንመለስ ባለሙያዋ አልሄደችም። አሥራ አራቱን ወረቀቶች በጥንቃቄ ዘርግታ አነበበቻቸው። «ይህ በጣም ብርቅ ነገር ነው፣ አባባ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ማለቴ፣ እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም። ግን የትኛው ወረቀት የየትኛው ሳንቲም እንደሆነ ያውቃሉ?»

አያውቅም። ልጆቹ ስማቸውንና ማሳውን እንጂ የሳንቲሙን መልክ አልጻፉም፤ ተጠቅልሎበት ስላለ መጻፍ አላስፈለገም። አፈሩ ቢኖር የቀይ አፈር ማሳ የሆነውን ከጥቁሩ መለየት ይቻል እንደነበር ነገረችን። እኔን ላለማየት እየተጠነቀቀች ነው የተናገረችው። የልጆቹን ስም ለማስመዝገብ ከፈለገ ከቦታው ወይም ከእነሱ መካከል ሦስት የሚመሰክሩ ሰዎች እንዲያቀርብ ነግራ የምስክር ቅጽ ሰጥታው ሄደች።

በዚያ ቀን ነው አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ። «ሳንቲሙማ የነገሥታቱ ነው፣ ባለቤት አያጣም» አለ። «እኔ የፈለግሁት ስማቸው አብሮ መዝገብ ላይ እንዲገባ ነበር። መቃብር የሌለው ልጅ አለ ውስጡ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ምስክር ፈለገ። ለመንደሩ ደብዳቤ ጻፈ፤ የተመለሰለት መልስ የድሮዎቹ ሽማግሌዎች ማለፋቸውን፣ ማሳዎቹም ተከፋፍለው ስማቸው መቀየሩን የሚገልጽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲሞቹን ደርድሮ አሥራ አራቱን ወረቀቶች አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እያስቀመጠ ይሞክራል። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ መነጽሩን እጠርግለታለሁ፣ የትምህርት ቤት ውጤቴን አሳየዋለሁ። «ጎበዝ» ይለኛል። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከድሮ ተማሪዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ አለው፤ እጁ ግሪስ በግሪስ የሆነ፣ ሽበት ያወጣ ሰው። አባቴን ሲያይ ጉልበቱን ሊስም ጎነበሰ።

«መምህር! እኔኮ አልፈዋል ብዬ...»

«ገና ነኝ። ሥራ ይዤልህ መጣሁ።»

ሳንቲሞቹን የጋራዡ ጠረጴዛ ላይ በመሐረብ ዘረጋንለት። እጁን በሳሙና ታጥቦ መጥቶ ረጅም ጊዜ አያቸው።

«የኔ ከእነዚህ ውስጥ ነው?»

«ነው። የአባትህ ማሳ ላይ ነው ያገኘኸው።»

«መምህር፣ እኔ የሰጠሁዎት እኮ አፈር የያዘ ነበር። ድንጋይ ነው የሚመስለው። እነዚህን...» አንዱን ገልብጦ መለሰው። «አላውቃቸውም።»

«አንዱን ምረጥና ፈርምልኝ። ማን ያውቅብሃል?»

አባቴ እንዲህ ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። በትምህርት ቤት አንዲት ነጥብ የማይጨምር ሰው ነበር።

«ከሥሩ ‹በመሐላ አረጋግጣለሁ› የሚል አለው፣ መምህር» አለ ሰውዬው ቅጹን እያየ። «ባላወቅሁት አልምልም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ይቅር ይበሉኝ።» ከዚያ ቅጹን ለአባቴ መልሶ፣ «ታላቅ ወንድሜም ሁለት ሰጥቶዎት ነበር። አብረን ነበር የምንማረው። በረሃ እንደወጣ ቀረ። ፎቶ የለውም፣ ምንም የለንም። የእሱ ጽሕፈት ካለ... እናቴ አለች፣ ባሳያት...»

አባቴ አሥራ አራቱንም ወረቀቶች አንድ በአንድ ሰጠው። ሰውዬው የራሱን አላገኘም። የወንድሙንም አላገኘም። ከመጨረሻው በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ የሚፈታ ጎማ እያየሁ ነበር፤ ወደ ውስጥ ማየት አልቻልኩም። ያንን ወረቀት የበተንኩት እኔ መሆኔን አባቴ አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም። እስካሁንም አያውቅም፤ ይህን ስጽፍ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናዘዝኩት።

አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ልክ ነው። ባያውቀው እንዴት ይምላል?»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ምስክር አልፈለገም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልወስድ ስዘጋጅ ሳንቲሞቹን ሊያስረክብ እንደወሰነ ነገረኝና አብሬው ሄድኩ። ባለሙያዋ ሌላ ክፍል ተዛውራ ስለነበር የተቀበለን የማናውቀው ሠራተኛ ነው፤ ትሁት ሰው ነበር። ሳንቲሞቹን መዝኖ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጠ። ከየት እንደተገኙ በሚጠይቀው ዓምድ ላይ «ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ «ከግለሰብ እጅ»።

አባቴ አሥራ አራቱን ወረቀቶች አወጣ። «እነዚህስ? ከመዝገቡ ጋር ቢያያዙ?»

ሠራተኛው አገላብጦ አየ። «አባባ፣ ከሳንቲሞቹ ጋር የሚያገናኛቸው ከሌለ ምን ብዬ ላያይዘው? በሌላ ሳንቲም ላይ የሌላ ሰው ስም ይሆናል። መዝገቡ ተሳሳተ ማለት ነው።»

«እውነትህን ነው» አለ አባቴ። እስክሪብቶውን ተቀብሎ አርባ አንድ ጊዜ ፈረመ። የመምህር ፊርማ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ወረቀቶቹን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸውና ወጣን።

ቀኑን እንደ ልጆቹ እኔም ልጻፍ፤ ረቡዕ፣ ግንቦት 14 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር።