መኪና እየወዘወዙ ነዳጅ የሚያዳምጡት አጎቴ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ደሴ ሆጤ ካለው ጋራዣቸው የትኛውንም የውድድር መኪና ነዳጁን ሳያዳምጡ አይሸኙም ነበር። የመኪናውን ጀርባ በሁለት እጃቸው ወዝወዝ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ነዳጅ ቋቱ ያስጠጋሉ።

አምና ልጄ ሰዓዳ ለኮምቦልቻው ውድድር ስትዘጋጅ፣ መኪናዋ እንድትቀልላት ብላ ጥቂት ነዳጅ ብቻ ቀዳች። እርሳቸው አዳመጡና ሳቁ።

«ይንቦጫረቃል። አልጠገበችም፤ ሙያት!»

«አባባ፣ ሠርግ እኮ አይደለም የምትሄደው! ከከበደች እቀደማለሁ።»

«ኩርባው ላይ ነዳጁ ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጠፋብሻል። ያኔ ወላሂ አህያም ይቀድምሻል!»

አልሰማቻቸውም። ከአየር ማረፊያው በላይ ባለው ኩርባ ላይ ሞተሩ ጠፍቶባት በግፊ ተመለሰች። እርሳቸውም አልተቆጧትም፤ «ለከርሞ ኢንሻአላህ» ብቻ አሏት።

ከርሞው ሲደርስ እርሳቸው አልነበሩም። ሰዓዳ ቋቱን ሞልታ፣ ፊልትሮውን አስቀይራ ተሰለፈች። ያ ኩርባ ላይ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝሁ፤ የሞተሩ ድምፅ ሳይቆራረጥ አለፈ። ደስታዬን ልነግራቸው ወደ ቀኜ ዞርሁ። ለካ ተመልካቹን ከመንገዱ ከሚለየው ገመድ አጠገብ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቼ ኖሯል የቆምሁት። በዚያ ባዶ ቦታ በኩል ልጄ ወደ መድረሻው ስትከንፍ አየኋት።